ቢጫው ካርድ፦ ከመተማ ማዶ ለሾፌር የሚቆም ዘመድ

በሱዳን ሕግ የሰው ነፍስ ካሳ የሚለካው በግመል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአገሪቱ የወንጀል ሕግ የአንድን ሰው የደም ካሳ፣ በዐረብኛው ዲያ የሚሉትን፣ መቶ ግመል ወይም የመቶ ግመል ዋጋ አድርጎ ይደነግጋል። በገንዘብ ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን በየጊዜው የሚወስነው የአገሪቱ ጠቅላይ ዳኛ ነው። ካሳው በጩቤ ለሞተ ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ ዶካ ከተማ ውስጥ መንገድ ሲሻገር በጭነት መኪና ተገጭቶ ለሞተ ሽማግሌም ይከፈላል።

ከሕጉ ውስጥ ሾፌሮቻችን ሊያውቁት የሚገባው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሞቱ የደረሰው ሳይታሰብ ከሆነ ካሳውን ገዳዩ ብቻውን አይሸከምም፤ ዓቂላ የሚባሉት አብረውት ይከፍላሉ። ዓቂላ በጥንቱ ወግ በአባት በኩል ያለ ወገን ነው። በእኛም አገር ደም ሲደርቅ ካሳውን የሚያዋጣው ዘመድ ስለሆነ ነገሩ ለአማራ ገበሬ እንግዳ አይሆንበትም። የሱዳን ሕግ አውጪ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረበት፦ ጥፋተኛው መድን የገባ ከሆነ መድን ሰጪውን ከዓቂላ ቆጠረው። ጥፋቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ አሠሪውንም እንዲሁ።

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ሾፌር እዚያ አገር የሚያዋጣለት አጎት የለውም። ወገን የሚሆነው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) ቢጫ ካርድ የሚባለው ወረቀት ነው።

ካርዱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1986 በተፈረመ ስምምነት ሲሆን ሥራ የጀመረው በዓመቱ ነው። ሐሳቡ የመጣው አውሮፓውያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካቋቋሙት አረንጓዴ ካርድ ነው። መኪናው በአገሩ መድን ይገባል፤ ያው መድን ሰጪ ድንበር ለሚሻገርበት ጊዜ ተጨማሪ አረቦን ተቀብሎ ካርዱን ይሰጠዋል። በእያንዳንዱ አባል አገር አንድ ብሔራዊ ቢሮ አለ፤ በኢትዮጵያ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት፣ በሱዳን ደግሞ ሸይካን የተባለው የመድን ኩባንያ። የእኛ ሾፌር ገዳሪፍ ላይ አደጋ ቢያደርስ ጉዳዩን የሚይዘው ሸይካን ነው። ተጎጂውን በሱዳን ሕግ መሠረት፣ የራሱ ደንበኛ ጥፋት እንደሆነ አድርጎ ይክሳል፤ ያወጣውን ገንዘብ ከአዲስ አበባ ያስመልሳል። ከፍ ላለ ካሳ አገሮቹ በጋራ ያቋቋሙት የጠለፋ መድን ቋት አለ፤ እሱን የሚያስተዳድረው ናይሮቢ ያለው ዜፕ ሪ ነው።

ካርዱ የማይሠራውንም ማወቅ ደግ ነው። የራስን መኪና ስብራት አይከፍልም። ጭነቱንም አይሸፍንም፤ ሰሊጡ ቢፈስ የሰሊጡ ባለቤት ሌላ ውል ያስፈልገዋል። የሚሸፍነው በሌላው ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ የደረሰውን ጉዳት፣ እንዲሁም የሾፌሩንና የተሳፋሪዎቹን ድንገተኛ ሕክምና ነው። ብቻውን አይቆምም። መሠረቱ የአገር ውስጡ መድን ስለሆነ፣ እሱ ቀኑ ካለፈ ቢጫው ወረቀት ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ሾፌር የሚሳሳተው መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ሦስተኛ ወገን አይቶ ልቡ ሲያርፍ ነው። ያ መድን የቆመው በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን ሽፋን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ላይ ነው፤ አዋጁ ደግሞ የኢትዮጵያ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር ነበር። ይህን ከመቶ ግመል ጋር ማስተያየት ለአንባቢ እተዋለሁ። አዋጁ ያቋቋመው የመድን ፈንድም ገጭቶ ያመለጠ መኪና የጎዳውን ሰው የሚያስታውሰው ከመተማው የድንበር ድልድይ ወዲህ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወረቀቶቹን የሚያይ ማን ነው? ባለንብረቱ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ተቀምጧል፤ አስተላላፊው የሚያየው የጭነቱን ሰነድ ነው፤ ፖሊስ የሚያየው መኪናው መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሁሉንም በእጁ ይዞ የሚያየው ሾፌሩ ብቻ ነው።

የሚጀመረው ከሊብሬ ነው። ሊብሬውን አንብቦ ኪስ ውስጥ መክተት አይበቃም፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ማየት ያስፈልጋል። በአብዛኛው የጭነት መኪና ቁጥሩ የሚገኘው በስተቀኝ በኩል ፊት ጎማው አካባቢ፣ ከሻንሲው ብረት ጎን ላይ ተቀርጾ ነው። ቅባትና ጭቃ ስለሚሸፍነው በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ይዞ መጎንበስ ግድ ነው። ቁጥሩ ከሊብሬው፣ ከሦስተኛ ወገኑና ከቢጫ ካርዱ ጋር አሃዝ በአሃዝ መግጠም አለበት። ጸሐፊ ሲገለብጥ 3ን 8 ካደረገ፣ ካሳ የሚጠየቅ ቀን ያች አንዲት አሃዝ ክርክር ትሆናለች። ዛሬ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨምሯል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ መኪና ከዋና ከተማውና ከገዚራ ተዘርፏል። የጠፋ መኪና የሚፈልጉ ሰዎች ገዳሪፍም ተፈናቅለው ተቀምጠዋል፤ የሻንሲ ቁጥር ጥያቄ በዚያ መንገድ ላይ የወግ ጥያቄ አይደለም።

ቀጥሎ ቀኖቹ ናቸው። ቦሎው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የሱዳን ትራፊክ የሚያነበው በፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት ያየ ፖሊስ ወረቀቱ ከሞተ ሰባት ስምንት ዓመት እንደሆነው ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ ቢጫ ካርዱ በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፉንና ሱዳን በሚሸፍናቸው አገሮች ውስጥ መግባቷን ካርዱን ከሰጠው ቢሮ ሳይወጡ ማረጋገጥ ነው። ከቢሮ ከወጡ በኋላ የሚያርመው የለም።

ቀን ሲባል በሩም አለ። ከመተማ ማዶ ያለው የጋላባት የድንበር በር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሁለቱ አገሮች የአልፋሽቃ መሬት ውዝግብ፣ በድንበር ግጭትና በመተማ አካባቢ በነበረው ውጊያ ሳቢያ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። ለሳምንት ጉዞ የሳምንት ካርድ የገዛ ሰው በሩ ሲዘጋበት ገዳሪፍ ላይ ያለ መድን ይቆማል። መኪናው ቆሞ ከዋለ ጉዳት የለውም ይባል ይሆናል፤ ግን ጥላ ፍለጋም ሆነ ናፍጣ ፍለጋ መንቀሳቀሱ አይቀርም። የካርዱን ጊዜ ረዘም አድርጎ መግዛት ገንዘብ ማባከን መስሎ የሚታየው በሩ ክፍት ሳለ ብቻ ነው።

ወረቀቱ ሁሉ ቢሟላ መኪናው ካልተሟላ ዋጋ የለውም። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፤ ቦሎ የሚለጠፈው ያን ካለፈ በኋላ ነው። ምርመራው ግን የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው፤ መስከረም ላይ ያለፈ ፍሬን ጥር ላይ ስለመያዙ የሚመሰክር ወረቀት የለም። ይህ መንገድ ደግሞ ፍሬን ይበላል። ከጎንደር አዘዞ ሲነሡ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ገንዳ ውኃን አልፎ መተማ ዮሐንስ ሲደርሱ ከ800 ሜትር በታች ነው። ጭነት ይዞ ይህን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የወረደ ሾፌር ሸራውን አግሎ ይደርሳል፤ የጋለ ሸራ አይዝም። በከባድ ማርሽ መውረድ የቆየ ምክር ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚቸኩል ይረሳዋል። የአየር ፍሬን ያለው መኪና ከሆነ ጠዋት ጠዋት ከጋኑ ውኃውን ማስወጣት፣ ከዚያ ሞተር አጥፍቶ ፍሬን ረግጦ በመያዝ የአየሩ ጌጅ ይወርድ እንደሆነ ማየት ነው። እየወረደ ከሄደ የሚያፈስ ቦታ አለ። ጆሮ ካለ ይሰማል።

ከመተማ በኋላ ቁልቁለቱ ያልቃል፤ ሙቀቱ ይጀምራል። እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሜዳ በበጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ነው፤ ጎማ የሚፈነዳውም እዚህ ነው። የጎማን ዕድሜ ለማወቅ ሻጭን መጠየቅ አያሻም። በጎማው ጎን ከተጻፉት ፊደላት መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፦ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በፈረንጅ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ የሚመስል፣ መጋዘን ውስጥ የደረቀ ጎማ በዚህ ሙቀት አይታመንም። ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻና የኋላ መብራት ሲታዩ ጎን ለጎን የራዲያተሩን ውኃ ማየት ነው። በየትኛው ጎን እንደሚነዳ ብቻ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም.፣ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1973 ከግራ ወደ ቀኝ ስለዞሩ ድልድዩ ላይ ጎን መቀየር የለም።

በኢትዮጵያ ሕግ የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ያደርጋል። ገንዘቡ የባለንብረቱ ነው። እስሩ ግን የሾፌሩ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ተላልፎ ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቀ መሪ የጨበጠ ሰው ይህ አንቀጽ እንዳይመለከተው የሚከራከርበት ብዙ ነገር አይኖረውም።

ሥራ አጥቶ የቆየ ሾፌር ለባለንብረት እምቢ ማለት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ በተለይ በሰሊጥ ወቅት፣ መኪና ሁሉ ወደ ቆላ በሚወርድበት ጊዜ። ሆኖም አዋጅ 799/2005 ያለ መድን መንዳትንም ማስነዳትንም አንድ ላይ ስለከለከለ፣ ታዝዤ ነው ማለት አያድንም። ባለንብረት «ካርዱ ነገ ይደርስሃል፣ አንተ ተነሥ» ካለ፣ ሾፌር ሆይ፣ ካርዱ እስኪደርስ መተማ ላይ እደር።