ካሪቢያን ከሰንጋ ተራ ሲታይ፦ ተረትና እውነታ

ስሙ እንደሚናገረው የከብት ገበያ በነበረው፣ ዛሬ ግን ባንኮች በተሰለፉበት ሰንጋ ተራ ቡና ይዞ ስለ ዕረፍት የሚያወራ ሰው ከዱባይና ከዛንዚባር አልፎ ከተመኘ የሚጠራው ጃማይካን ነው። ምክንያቱም ሁሌ አንድ ነው፤ «እኛንማ እንደ ዘመድ ነው የሚቀበሉን!»

ዘመድነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ንጉሡ ወዲያው መውረድ አልቻሉም። ራስ ተፈሪያውያን ዕለቱን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ቦብ ማርሊም ከመሞቱ በፊት የተጠመቀው በእኛው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገር ግን በ2011 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ራስ ተፈሪያዊ ነኝ ያለው 29 ሺህ ገደማ ሰው ብቻ ነበር፤ ከመቶ አንድ ያህል መሆኑ ነው። አብዛኛው ጃማይካዊ ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነው። የሆቴሏ ልጅ ፓስፖርቱን ገልጣ አይታ ምንም ሳይመስላት ብትመልስለት እንግዳው ባይቀየም ይሻላል።

ጋንጃም እንደሚወራው ልቅ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ሕግ እስከ 56 ግራም መያዝን ከወንጀልነት አውጥቶ በገንዘብ ቅጣት ተካው እንጂ በአደባባይ ማጨስን አልፈቀደም። ቦሌ ይዞት የሚመጣማ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ግን በመንገዱ ነው። «ቪዛ የማይጠይቁ ደሴቶች አሉ» ይባላል፤ እውነት ነው፣ አሉ፣ ለምሳሌ ዶሚኒካ። (ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሌላ አገር ናት፤ በዚህ ስህተት ትኬት የሚቆርጥ አይጠፋም።) ጃማይካ ግን ከእኛ ቪዛ ትጠይቃለች። ከዚህም የሚብሰው ከአዲስ አበባ ወደ ካሪቢያን ቀጥታ በረራ አለመኖሩ ነው፤ የግድ አንድ ቦታ አውሮፕላን ይቀየራል። በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ለሰዓታት ቆይታም ቢሆን ቪዛ ያስፈልገዋል። ፍራንክፈርት ወይም ፓሪስም ቢሆን፣ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ለመሸጋገር እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ በእጁ ያለ ሰው ከዚህ ይድናል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠናው ደሴቷ ሳትሆን መሸጋገሪያው ነው። እኔ ብሆን የትራንዚቱ ነገር ሳይለይለት ለሆቴል አንድ ብር አልከፍልም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወረቀት ደግሞ አለ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚያሰጋባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመደብ ጃማይካን ጨምሮ ብዙ ደሴቶች ይጠይቁታል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። በሌላ በኩል በየ10 ዓመቱ መታደስ አለበት የሚባለው ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ለዕድሜ ልኩ ነው።

«እዚያ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው» የሚለው ደግሞ የፖስተር ወሬ ነው። የሃሪኬን ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ይዘልቃል፤ የሚበረታውም ልክ በእኛ ዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። የእንቁጣጣሽን ዕረፍት ባሕር ዳር ላሳልፍ የሚል ሰው ማዕበሉን ቀጥሮ ይሄዳል ማለት ይቻላል። አንዳንዴማ አይጠብቅም፤ በረል የተባለው ሃሪኬን የግሬናዳዋን ካሪያኩ ደሴት የመታው ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ደግሞ ነገሩ ባዕድ እንዳይመስለን። ሁለት ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ላይ የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ወደ ኋላ ቢከታተሉት፣ መነሻው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተጠራቀመ የነጎድጓድ ደመና ሆኖ አገኙት። የኛው ደመና ያለ ትራንዚት ቪዛ ሄዷል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ሰላማዊ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይንራል።

ካሪቢያን ሁሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ ሁሉም ሬጌ ሰሚ የሚመስለው ሰው ካለ ከሰንጋ ተራ ወደ ቸርችል ጎዳና ወጣ ይበል። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት በቆመው የትግላችን ሐውልት ግቢ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ አለ። ከዚያ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በመርከብ ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በምትባለው ስፍራ ተምረዋል። ዛሬ በከተማችን ስፓኒሽ ሲያወሩ የሚሰሙ ጎልማሶች አብዛኞቹ እነርሱ ናቸው። ከእኛ ውስጥ የካሪቢያንን ደሴት እንደ እነርሱ የሚያውቅ የለም፤ እነርሱ ግን እዚያ ግማሹን ቀን ይማሩ፣ ግማሹን ደግሞ ከሎሚና ብርቱካን እርሻው ላይ ይውሉ ነበር።