የራዲያተር ቱቦ በወቅቱ ቢለወጥ የማኅበሩ መኪና ከሥራ አይስተጓጎልም

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሳይዘገይ ለገበሬው መድረሱ፣ ምርቱም ገበያ መውጣቱ በመኪና ላይ የተመሠረተ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ለወሎ ሕዝብ የእርዳታ እህል ማድረስን ካዘገዩት ችግሮች አንዱ የጭነት መኪና እጥረት እንደነበር አይዘነጋም። ስለሆነም በእጅ ያለውን መኪና በሚገባ መጠበቅ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ዓቢይ ኃላፊነት ነው።

ሞተርን ለጉዳት ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ በራዲያተሩና በውሃ ፓምፑ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ ማርጀት ነው። ቱቦው ሲፈነዳ ውሃው ይፈሳል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ቴስታታው ሊጣመም፣ ጓርኒሲዮኑም ሊቃጠል ይችላል። የአንድ ቱቦ ዋጋ ከዚህ ሁሉ ጥገና ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የአካባቢው ከፍታም ችግሩን ያባብሰዋል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ በዚያ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው በታሸገው ራዲያተር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ነው። ቱቦው ካፈሰሰ ግን ግፊቱ አይኖርም። ጭነት ይዞ ከዓባይ ሸለቆ ዳገቱን ለሚወጣ መኪና ይህ ከባድ አደጋ ነው።

የማርጀት ምልክቶች

የቱቦው ማበጥ፣ ሲጨብጡት መላላት፣ በማሰሪያው አጠገብ መሰነጣጠቅ፣ እንዲሁም ጠዋት ከሥሩ እርጥበት መታየት ዋነኞቹ ናቸው።

አለዋወጡ

ሥራው በካቻቢቴ፣ በፒንሳና በንጹሕ ሳፋ በግቢ ውስጥ ሊከናወን ይችላል። መኪናው በሜዳ ቦታ ቆሞ ጎማው በድንጋይ ይታገዳል፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል። ሞተሩ ፈጽሞ ሳይበርድ የራዲያተሩ ክዳን አይከፈትም፤ የሚፈናጠረው ውሃ ፊትንና እጅን ያቃጥላልና። ውሃው በታችኛው መክፈቻ ወደ ሳፋው ይወርዳል። ኩላንት የተቀላቀለበት ውሃ ጣፋጭ ግን መርዝ ስለሆነ ልጆችና ከብቶች እንዳይቀምሱት፣ ወደ ምንጭም እንዳይፈስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ ማሰሪያዎቹ ይላላሉ። ቱቦው እምቢ ካለ በቢላ ወደ ርዝመቱ ይሰነጠቃል እንጂ የራዲያተሩ አፍ እስኪሰበር አይታገሉትም። አፉ ከዝገት ይጸዳል። አዲሱ ቱቦ በስፋት፣ በርዝመትና በቅርጽ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል ስላለበት፣ ወደ ደሴ ለግዢ የሚላክ ሰው አሮጌውን ይዞ መሄድ ይኖርበታል። ማሰሪያዎቹ አስቀድመው በቱቦው ላይ ይገባሉ፤ የቱቦው ጫፍም በዘይት ሳይሆን በውሃ ይረጥባል። ቱቦው ቺንጋውንና ማራገቢያውን መንካት የለበትም።

በመጨረሻ ራዲያተሩ በዝግታ ይሞላል፤ ባትሪው ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ አየሩ እየወጣ ውሃው ስለሚወርድ ይጨመርበታል። ክዳኑ ከተዘጋና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማሰሪያዎቹ ይታያሉ፤ በማግሥቱም ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ የውሃው መጠን እንደገና ይመረመራል። ውርጭ ባለበት ደጋ ባዶ ውሃ በሌሊት በረዶ ሆኖ ሞተሩን ሊሰነጥቅ ስለሚችል በአምራቹ መመሪያ መሠረት ኩላንት መቀላቀል ይገባል።

የመሪዎች ድርሻ

በመንገድ ላይ ቱቦን በብስክሌት ካላማዳሪያ መጠቅለል እስከሚቀርበው ከተማ ለመድረስ ብቻ ነው። ማኅበራት የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ ከነማሰሪያቸው በመጠባበቂያ ቢይዙ፣ የተለወጠበትንም ቀን በመዝገብ ቢያሰፍሩ፣ መኪናው በዘር ወቅት ዳገት ላይ ቆሞ አይቀርም።