ብቻውን የማይኖር ባክቴሪያ

በመከር ወራት በእርጥብ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አጠገብ ያለፈ ሁሉ የፍሳሹን ጎምዛዛ ሽታ ያውቀዋል። በስኳርና በፔክቲን የበለጸገው ይህ ውኃ ወንዝ ሲገባ፣ አየር ወዳድ ረቂቅ ተሕዋስያን እርሱን ሲመገቡ በውኃው የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ይታፈናል። ይሁንና ይኸው ፍሳሽ አየር በማይገባበት ገንዳ ቢጠራቀም ወደ ማገዶ ጋዝ ሊለወጥ ይችላል። ይህ እንዴት ይሆናል?

ሥራው የሚከናወነው በቅብብሎሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ትልልቆቹን ሞለኪውሎች ይሰባብራሉ፤ ሁለተኞቹ ስብርባሪውን አብላልተው እንደ ፕሮፒዮኒክ ወዳሉ አሲዶችና ወደ አልኮል ይለውጡታል፤ ሦስተኞቹ ከእነዚህ አሴቲክ አሲድና ሃይድሮጅን ያወጣሉ፤ በመጨረሻም አርኪያ የተባሉት ተሕዋስያን ሚቴን ይሠራሉ።

እኛን የፊዚክስ ሰዎችን የሚያስደንቀን ሦስተኛው ደረጃ ነው። አንድ ሞል ፕሮፒዮኔት በመደበኛ ሁኔታ ወደ አሴቴትና ሃይድሮጅን እንዲለወጥ 76 ኪሎጁል ያህል ነፃ ኢነርጂ ይጠይቃል። ባክቴሪያው በልቶ ይከስራል ማለት ነው! ነገር ግን የአጸግብሮት አቅጣጫ በውጤቶቹ መጠንም ይወሰናል። ሃይድሮጅኑ እንደተፈጠረ ተወስዶ ግፊቱ ከአንድ አትሞስፌር አሥር ሺህኛ በታች ሲወርድ፣ ኪሳራው ወደ ጥቂት ትርፍ ይገለበጣል። ወሳጁ ሚቴን ሠሪው ነው፤ ሃይድሮጅን ምግቡ ነውና። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እዚህ ግን ጉዳዩ የጉልበት መደመር ሳይሆን የአንዱ ትራፊ ለሌላው ማዕድ መሆኑ ነው።

ጥምረቱ እጅግ የጠበቀ በመሆኑ ተመራማሪዎችን አሳስቷል። ከኤታኖል ሚቴን የሚሠራ አንድ ተሕዋስ ተብሎ ለዓመታት የታወቀው ባህል፣ በእውነቱ የሁለት ፍጥረታት ማኅበር መሆኑን ማርቪን ብራያንትና ባልደረቦቹ በ1967 እ.ኤ.አ. አሳዩ። ሃይድሮጅን የሚጓዘው በስርጸት ስለሆነ ቅርበት ወሳኝ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጉዞው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል።

ማኅበሩ ግን በቀላሉ ይፈርሳል። አሲድ ሠሪዎቹ ፈጣን፣ ሚቴን ሠሪዎቹ ዘገምተኛ ናቸው። ገንዳው በአንድ ጊዜ ብዙ ፍሳሽ ከተጫነበት ሃይድሮጅን ይከማቻል፤ ሦስተኞቹ ሥራ ያቆማሉ፤ አሲዱ እየበዛ ፒኤቹ ከ7 በእጅጉ ሲወርድ ሚቴን ሠሪዎቹም ይዳከማሉ። የቡና ፍሳሽ ከመነሻው አሲዳም ስለሆነ በኖራ ማለዘብና ጥቂት በጥቂቱ መመገብ የግድ ነው።

እንግዲህ ወንዝን ከሞት ለማዳን ገንዳ መገንባት ብቻውን አይበቃም፤ በውስጡ ያለውን ጉርብትና መጠበቅም ያስፈልጋል።