በመኪና ዋጋ ውስጥ ያልገባው ኤርባግ

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው በመጀመሪያ ቦዲውን እየዞረ ያያል። ቀጥሎ ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ሞተሩ «ያልተነካ» መሆኑን ይጠይቃል። ገዢ፣ ሻጭና ደላላ ሲከራከሩ የሚውሉት በቀለም፣ በሞተርና በሰሌዳ ቁጥር ነው። መሪው ውስጥ ኤርባግ መኖር አለመኖሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው ክብደት ጨምሯል። ቀድሞ የገባው ቪትዝና ኮሮላ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አንዱ ያጋጨውን ሌላው አሠርቶ ይሸጠዋል። ኤርባግ ደግሞ አንድ ጊዜ ከፈነዳ መለወጥ እንጂ መጠገን የለውም። ባዶውን ስፍራ በክዳን ሸፍኖ ማለፍ ለሻጭ ይቀላል።

ከጃፓን ተነሥተው በዱባይ በኩል የገቡ፣ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መሪው ሲዛወር ዳሽቦርዱ ይነሣል፣ ሽቦው ይቀጠላል። የሾፌሩና የተሳፋሪው ኤርባግ በመጠንም በአቀማመጥም ስለሚለያዩ በትክክል መመለሳቸው በሠራተኛው ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ክዳኑ ላይ «ኤስ.አር.ኤስ.» ተብሎ መጻፉ ከሥሩ ዕቃው ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም።

ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሴኮንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ፈጽሞ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ሁልጊዜ ከዘይት መብራቱ ጋር እኩል የሚጠፋ ከሆነም ሽቦው ከዚያው ጋር እንዳይቀጠል መጠርጠር ነው። ተንኮሉ ከዚህም ሊረቅ ስለሚችል በኮምፒውተር ማስመርመር፣ ክዳኑንም ሥራውን በሚያውቅ መካኒክ ማስከፈት ይሻላል፤ ያለ ዕውቀት የነካው ሰው ሊፈነዳበት ይችላል።

ኤርባጉ በቦታው መገኘቱም ነገሩን አይዘጋውም። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ በሠራቸው ኤርባጎች ላይ ጋዝ የሚነፋው ክፍል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ፣ ሲፈነዳ የብረት ስባሪ ይረጫል። በዚህ ሳቢያ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2017 ለኪሳራ ተዳርጓል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የ2003 እና የ2004 ሞዴል ኮሮላዎች ኤርባጋቸው ሳይለወጥ እንዳይነዱ አሳስቧል። የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ ከአምራቹ ዘንድ ማጣራት ይቻላል።

ርካሹ መከላከያ ቀበቶው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሞት አደጋን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ኤርባግም የተሠራው ለቀበቶው ረዳት እንዲሆን ነው፤ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ገና በመነፋት ላይ ካለው ኤርባግ ጋር ይላተማል። ቀበቶው በድንገት ሲሳብ መያዝ፣ ሲለቀቅ ተመልሶ መጠቅለል ይኖርበታል። የኋላ ወንበሩ ቀበቶ ብዙ ጊዜ ከወንበር ልብሱ ሥር ተቀብሮ ስለሚገኝ ልብሱን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

ጉድለት ያገኘ ገዢ የመለወጫውን ዋጋ ከዕቃ መደብር ጠይቆ፣ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ከመኪናው ዋጋ ላይ ሊያስቀንስ ይችላል።