ተጨማሪ መረጃ፦ ለስደተኞች በቡድን የሚሰጥ የማረጋጊያ ልምምድ

ድብርት ብዙ ጊዜ በሰውነት ሕመም ይገለጣል፦ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣት። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ ሱዳናውያንም ሆኑ ከደጋ ወርደው በአብደራፊ ሰሊጥ የሚያጭዱ የቀን ሠራተኞች ኑሯቸው ከቤተሰብና ከዘመድ የራቀ በመሆኑ ለድብርት ይጋለጣሉ። የአእምሮ ሐኪም ደግሞ በቆላው በቀላሉ አይገኝም። እንዲህ ባለ ስፍራ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚረዳበት ዘዴ እጅግ ያስፈልጋል።

ለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቡድን ልምምድ ይጠቀሳል። እስከ 30 ሰዎች ለ5 ሳምንታት እየተሰበሰቡ የተቀረጸ ድምፅ ያዳምጣሉ። እግራቸውን መሬት ላይ አጽንተው፣ በዝግታ እየተነፈሱ፣ የሚያስጨንቃቸውን ሐሳብ ሳይሸሹ ማስተዋልን ይለማመዳሉ። አወያዩ ሐኪም መሆን የለበትም፤ አጭር ሥልጠና የወሰደ የማኅበረሰቡ አባል ይበቃል። በኡጋንዳ በደቡብ ሱዳናውያት ስደተኞች ላይ የተደረገው ሙከራ፣ ልምምዱ ካበቃ ከ3 ወር በኋላም ጭንቀታቸው መቀነሱን አሳይቷል። በቦስተን ደግሞ ድብርት ያለባቸው ትውልደ ቻይና አሜሪካውያን ለ12 ሳምንታት ታይ ቺ የተባለውን ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ በቡድን ሠርተው ምልክቶቹ ቀልለውላቸዋል።

ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለው ሰው ግን ቡድኑን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።