የጌም ካሴት ሲነበብ

በየከተማው የዲሽ ሪሲቨር የሚጠግኑ ልጆች አሉ። ሪሲቨሩ አርማውን ብቻ እያሳየ አልነሣ ሲል ክዳኑን ይከፍታሉ፤ ስምንት እግር ያላትን ትንሽ ቺፕ ፈልገው ፕሮግራመር ላይ ያስቀምጧትና ውስጧ ያለውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ይገለብጣሉ። ከደህና ሪሲቨር የተወሰደ ፋይል ካላቸው ደግሞ መልሰው ይጽፉባታል። ይህን ሁሉም ሰው እንደ ቁም ነገር ያየዋል፤ ገንዘብም ይከፈልበታል። ያንኑ ሥራ በድሮ የቴሌቪዥን ጌም ላይ ስትሠሩ ግን "ለልጅ መጫወቻ ነው እንዲህ የምትለፉት?" ትባላላችሁ። በከተማችን በመሐል ሜዳ ይህን ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ከሪሲቨሩ ይልቅ የጌሙ ሥራ ብዙ ያስተምራል ባይ ነኝ። የሪሲቨሩ ሶፍትዌር ቢጠፋ ከሌላ ሪሲቨር ይገኛል፤ አልጋ ሥር ያለው የጌም ካሴት ግን የትም ያልተገለበጠ ሊሆን ይችላል።

ካሴት እንበለው እንጂ ውስጡ የሚዞር ነገር የለም። አንድ ቦርድ ነው፤ ቦርዱ ላይ የማስታወሻ ቺፕ አለ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። ካሴቱ የሚሰካበት ማሽን የጃፓኑ ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ፋሚኮም ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው በአብዛኛው የሱ ቅጂ ነው፤ ከመርካቶ ተገዝቶ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃንንና ጣርማ በርን አልፎ የመጣ።

አነባበቡ ቀላል ነው። የካሴቱ አፍ ላይ ስድሳ ፒኖች አሉ። ከነዚህ ውስጥ አሥራ አምስቱ ለማሽኑ ፕሮሰሰር የአድራሻ መስመሮች ናቸው፤ ስምንቱ ደግሞ መልስ የሚመጣባቸው ናቸው። በአድራሻ መስመሮቹ ቁጥር ትልካላችሁ፤ በስምንቱ መስመሮች አንድ ባይት ይመለሳል። ትጽፉታላችሁ፤ ቁጥሩን በአንድ ጨምራችሁ እንደገና ትጠይቃላችሁ። 32,768 ጊዜ እንዲህ ካደረጋችሁ 32 ኪሎባይት አገኛችሁ። ለሥዕሎቹም የተለዩ መስመሮች አሉ፤ አሠራሩ ያው ነው። አንድ የአርዱኖ ሜጋ ቦርድ ይበቃል፤ ፋሚኮምም እሱም በ5 ቮልት ነው የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ከነሥዕሉ 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከ32 ኪሎባይት የሚበልጥ ጨዋታ ሲሆን ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ ማየት የሚችለው ያንኑ 32 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ካሴቱ ውስጥ ያለ ሌላ ቺፕ የትኛው ክፍል እንደሚታይ ይቀያይራል። ያንን ቺፕ የሚያዝዘውን ቁጥር ማወቅ አለባችሁ፤ አለዚያ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ገልብጣችሁ "አለቀ" ትላላችሁ።

እዚህ ላይ ነው "9999 በ1" የሚሉት ካሴቶች የሚመጡት። ስለነዚህ የማይታመን ነገር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! አንድ የጎረቤት ልጅ የአጎቱን ቢጫ ካሴት ይዞልኝ መጣ። "ጋሼ፣ ይቺን በደንብ ያዟት፤ ዘጠኝ ሺህ ምናምን ጨዋታ ነው ያለባት። አጎቴ ግማሹን እንኳን አልጨረሰም" አለኝ። ካሴቷን በካቻቢቴ ከፈትኳት። አረንጓዴ ቦርድ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የደረቀ ጥቁር ሙጫ። ቺፑ ራሱ ያለ ልባስ ቦርዱ ላይ ተለጥፎ ሙጫ ተደፍቶበታል፤ ርካሽ አሠራር ነው። እንዲህ ያለውን ነቅሎ ፕሮግራመር ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። በአፉ በኩል መጠየቅ ብቻ ነው መንገዱ።

የመጀመሪያው ንባብ ሲወጣ ዓይኔን የሳበው ድግግሞሽ ነው። እያንዳንዱ 512 ባይት ሁለት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተጽፏል። ችኩል ሰው "ትንሽ ጨዋታ ነው፣ የውሸት ነው የተሞላው" ብሎ ይዘጋዋል። ነገር ግን ማንም ጨዋታ ሠሪ እንዲህ አይጽፍም። አንድ የአድራሻ መስመር ሳይነካ ሲቀር ነው ይህ የሚሆነው፤ መስመሩ ስለማይለወጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መልስ ያገኛሉ። የመልስ መስመር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፤ በእያንዳንዱ ባይት ውስጥ ያችው አንዲት ቢት ሁልጊዜ ዜሮ ወይም ሁልጊዜ አንድ ትሆናለች። የፋይሉን ጉድለት አይታችሁ የቆሸሸው ፒን የትኛው እንደሆነ በጣት ማሳየት ትችላላችሁ። ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር በሌላ ጥገና ላይ አላየሁም። ፒኑን በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጌ አሸሁት፤ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግሁት፤ ድግግሞሹ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ድግግሞሽ ግን እውነተኛ ነው፤ ዋናውን ምስጢር የሚናገረውም እሱ ነው። የካሴቷን ክፍሎች በተራ እየቀየርኩ ሳነብ 128 ኪሎባይት ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ክፍል ተመልሶ መጣ። ከዚያ በላይ የምትጠይቁት ቁጥር ሁሉ ከመጀመሪያው ያዞራችኋል፤ ምክንያቱም ከዚያ በላይ ማስታወሻ የለም። 128 ኪሎባይት ለስምንት ሲካፈል 16 ኪሎባይት ነው፤ የጥንቶቹ አጫጭር ጨዋታዎች ብዙዎቹ ያለ ሥዕላቸው ልክ ይህን ያህል ናቸው። እና ካሴቷ ውስጥ የነበሩት ሰባት ጨዋታዎችና አንድ ማውጫ ናቸው። ታንኩ አለ፣ የሚተኮስባቸው የጠፈር ነፍሳት አሉ፣ በረዶ ላይ የሚወጣው ሰውዬ አለ፤ ሌሎቹም እንዲሁ የታወቁ ናቸው።

ታዲያ ዘጠኝ ሺውስ? እሱ ያለው ማውጫው ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የማውጫ መስመር ስም አለው፤ ከስሙ ጋር የትኛው ክፍል እንደሚከፈት የሚናገር ቁጥር አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጨዋታው ከስንተኛ ደረጃ እንደሚጀምር የሚናገር ሌላ ቁጥር ይጨምራል። ያው ታንክ ከአምስተኛው ደረጃ ሲጀምር አንድ "አዲስ" ጨዋታ ነው፤ ከአሥረኛው ሲጀምር ሌላ። ስሞቹ ሲያልቁ ከመጀመሪያው ይዞራሉ፤ የሚጨምረው ፊት ለፊት ያለው ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ስሞቹን ፋይሉ ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም፤ ፊደሎቹ በሥዕል ቁጥር ነው የተጻፉት፤ "ሀ" ስንተኛው ሥዕል ነው እንደማለት። ይህን ስትደርሱበት ግን ማውጫው ከላይ እስከ ታች ወለል ብሎ ይነበባል።

ልጁ ይህን ሳሳየው ተከፋ። መከፋት አልነበረበትም። አንድ ሰው ሰባት ጨዋታ ወስዶ፣ ማውጫ ጽፎ፣ የመነሻ ደረጃቸውን ቀያይሮ 16 ኪሎባይት ውስጥ አሳክቶ የቀረውን ለጨዋታዎቹ ትቷል። ሻጩ ዋሽቷል፤ ማውጫውን የጻፈው ሰው ግን ባለሙያ ነው። ከጥንቶቹ ጨዋታዎች ይልቅ ለመጥፋት የቀረበውም የሱ ሥራ ነው። ታዋቂዎቹ ጨዋታዎች ዓለም ላይ ሺህ ጊዜ ተገልብጠዋል፤ ያቺ ማውጫ ግን ስንት ዓይነት እንዳላት የሚቆጥርላት የለም። "የውሸት ካሴት ነው" ብላችሁ የምትጥሉ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ አስነብቡት።

እፍ ማለትንም ተዉ። ካሴት አልሠራ ሲል ሁላችንም እፍ ብለናል፤ ከዚያም ይሠራል። የሠራው ግን ተነቅሎ ስለተሰካ ነው፤ ፒኑ ቦታ ሲለውጥ ይነካል። እስትንፋሳችሁ እርጥበት ነው፤ ሲውል ሲያድር ፒኑን ያዝገዋል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ባለ ደጋ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ውርጭ ላይ ያደረ ካሴት ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ጤዛ ይይዛል። ደርቆ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ሳይሰካ ይቆይ። ቦርዱን ባና ላይ ዘርግታችሁ አትክፈቱ፤ የሱፍ ልብስ ሲታሽ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ለእናንተ ባይሰማም ቺፕ ይገድላል። እንጨት ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ መሬት የነካ ብረት ያዙ።

ፕሌይስቴሽን ቤት ያላችሁም የሚመለከታችሁ ነገር አለ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሜሞሪ ካርድ 128 ኪሎባይት ነው፤ በአሥራ ስድስት ብሎክ ይከፈላል፤ አንዱ ለማውጫ ስለሚውል ለተጫዋቹ አሥራ አምስት ይቀራል። ሴቭ ሲያደርግ ካርዱን መንቀል፣ ወይም መብራት እየሄደ እየመጣ ባለበት ሰዓት ያለ ዩፒኤስ ሴቭ ማድረግ ማውጫውን ያበላሸዋል፤ የአንድ ወር ሊግ በአንድ ቅጽበት ይሄዳል። "ጠፋ" ብሎ ካርዱን ፎርማት የሚያደርግ ሰው ሳይ ግን እናደዳለሁ። ሴቭ ሲሰረዝ የሚለወጠው ማውጫው ላይ ያለ ምልክት ነው፤ "በሥራ ላይ" የነበረው "የተሰረዘ" ይሆናል። ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ብሎኩ ውስጥ ያለው እንዳለ ተቀምጧል። ካርዱ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይነበብ፤ ከዚያ ፋይሉ ላይ ይሠራ እንጂ ካርዱ ላይ አይሞከር።

የማንበቡ ሥራ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ለማወቅ የጌም ቦይን ነገር ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ይህ የእጅ ጌም ሲበራ አርማውን የሚያወርደው ፕሮግራም ዋናው ቺፕ ውስጥ ያለ 256 ባይት ብቻ ነው። ግን የመጨረሻው ትእዛዙ ራሱን ይደብቃል፤ ጨዋታው ሲጀምር ያ ቦታ በካሴቱ ይሸፈናል፤ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ማንም ፕሮግራም ሊያነበው አይችልም። እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ እጅ አልሰጠም። በመጨረሻ የተነበበው ቺፑ ተከፍቶ በማይክሮስኮፕ እየታየ፣ ዜሮና አንዱ በዓይን እየተለየ ነው። 256 ባይት፣ ማለትም 2,048 ነጥብ።

የማንኛውንም ንባብ ትክክለኛነት የምታውቁት ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ሁለቱን ፋይል ስታስተያዩ ነው፤ በሁለቱ መካከል ካሴቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ አለዚያ የቆሸሸ ፒን ሁለቱንም ጊዜ እኩል ይዋሻል። ባትሪ ያለበት ካሴት ካጋጠማችሁ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ እንደወጣው ዜልዳ፣ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ሴቩ ያለው በባትሪው ኃይል ብቻ በምትቆይ ማስታወሻ ላይ ነው፤ ባትሪው ሲነቀል ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሴቩ ይነበባል፤ ቀጥሎ አሮጌው ባትሪ ይነሣል፤ አዲሱ በስታኞ ይበየዳል፤ መጨረሻ ላይ ፋይሉ ተመልሶ ይጻፍበታል።