ዘር ስሙን ራሱ ይናገራል

የዛሬው ወጋችን ስለ ዘር ነው።

አንድ ገበሬ ቁንጮ ነው ተብሎ ሌላ ነጭ ጤፍ ቢሸጥለት በምን ያውቃል? ሁለቱም ደቃቅ፣ ሁለቱም ነጭ። ስህተቱ የሚታወቀው፣ ያውም ከታወቀ፣ ጤፉ ካዘረዘረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ክረምቱ አልፏል፤ ድካሙም ከንቱ ቀረ።

ቁመቱን አይተን አንለየውም ወይ? ቁመት ያታልላል። ያው ዘር ለም መሬት ላይ ይረዝማል፤ ጭንጫ ላይ ያጥራል። መሬት የማይለውጠው በዘሩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው። ስሙ ዲ ኤን ኤ ይባላል። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው።

እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። «በሬ» እና «በር» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ዝርያዎችም እንዲሁ ናቸው። ባለሙያው ከቅጠሉ ጥቂት ወስዶ ፊደሎቹ የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ያነባል። እነዚህን ቦታዎች ምልክት እንላቸዋለን። ከዚያ ያነበበውን ስሙ ከተረጋገጠ ዘር ጋር ያመሳክራል።

ቁንጮ ደብረ ዘይት ላይ ዱከምና ማኛ ከሚባሉ ሁለት የጤፍ ዝርያዎች ተዳቅሎ የወጣ ነው። የተለቀቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው። ልጅ እናቱንም አባቱንም ይመስላል አይደል? ቁንጮም በአንዱ ምልክት ዱከምን፣ በሌላው ማኛን ይመስላል። ስለዚህ አንድ ምልክት አይበቃም፤ ብዙው አብሮ ይነበባል።

እናንተስ? ዘር ስትገዙ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ራሳችሁ አንብቡ። ወረቀቱንና አንድ እፍኝ ዘር እስከ አጨዳ አስቀምጡ። ክርክር ቢነሳ ያ እፍኝ ዘር ምስክር ይሆናችኋል።

በሉ፣ ደኅና ሁኑ።